«የተማረ ይግደለኝ» ማለት ይብቃን

«የተማረ ይግደለኝ» የሚለውን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ለትምህርት ያለንን ክብር የሚያሳይ ነው እየተባለ ሲወደስ ኖሯል። እኔ ግን እያደር ሳስበው ያስፈራኛል። ልብ በሉ! «የተማረ ያክመኝ» ወይም «የተማረ ይምከረኝ» አይደለም የሚለው። የተማረ ይሁን እንጂ ቢገድለኝም ግድ የለኝም ነው የሚለው። በሌላ አነጋገር፣ አዋቂ ጠያቂ አያስፈልገውም ማለት ነው።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። በዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ዘንድ አንድ ሐሳብ እየተወደደ መጥቷል። ክፍል ውስጥ ይነሳል፣ ላውንጅ ይነሳል፣ ሰርቪስ ውስጥም ይነሳል። «ለባንክ ሠራተኛ እንኳ ፈተና አለ፤ አገር ለሚመራ ሰው ለምን አይኖርም? በጭንቅላቱ የበለጠ ሥልጣኑን ይያዝ፣ የቀረው ይከተል!» የሚል ነው። ነገሩ ወደ እኛም ቤት ገብቶ፣ ለተማሪዎች ተወካይነት የሚወዳደር ሰው የግሬድ ገደብ ይውጣለት የሚሉ ተነስተዋል። ሐሳቡን የሚያቀርቡት ጓደኞቼ ለቀልድ አይደለም፤ ከልባቸው ነው። ስለዚህ እኔም ከልቤ ልመልስ። በበኩሌ ችሎታ ለሥራ መመዘኛ መሆን አለበት፤ ሥልጣን የመያዝ መብት ግን ከችሎታ አይመነጭም ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ለጓደኞቼ የሚገባቸውን ልስጣቸው። ምሬታቸው እውነት ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. ለሠራተኞቹና ለመካከለኛ ኃላፊዎቹ የብቃት ፈተና ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ብዙዎቹ የማለፊያውን ነጥብ አላመጡም። ጉዳይ ለማስፈጸም ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሰው በዚህ ዜና የሚደነግጥ አይመስለኝም። «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ተመለስ» ስንባል ከርመናል። በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ወንበር የያዙ ሰዎች ወሬም ለጆሮአችን አዲስ አይደለም። ሕጉ የመንግሥት ሥራ በብቃትና በውድድር ይያዝ እያለ፣ ወንበሩ ለዘመድ፣ ለወንዝ ልጅ፣ ለፓርቲ ታማኝ ሲሰጥ ማን አይናደድም? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የሚተርት አገር ሹመትን ከእንጀራ ለይቶ እንዳላየ ያሳብቃል። ካርታ የሚሠራው ካርታ ይወቅ፤ በጀት የሚይዘው ሂሳብ ይወቅ። እስከዚህ ድረስ አንድ ነን።

የምንለያየው ቀጥሎ ነው። ጥሩ ባለሙያ የሚያስፈልገው ጥያቄና የሕዝብ ይሁንታ የሚያስፈልገው ጥያቄ አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ከመጽሐፍ ይልቅ ሰፈሬ በደንብ አስረድቶኛል።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የኛ ብሎክ ነዋሪ ተመራርጦ አልተሰበሰበም፤ ዕጣ ነው ያገናኘው። አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ የከባድ መኪና ሾፌር አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ቤቱን ለሌላ አከራይቶ መልኩን አሳይቶን የማያውቅም አለ። ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ግፊቱ ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ፓምፕና ሮቶ እንግዛ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ከመካከላችን አንድ መሐንዲስ አለ። የፓምፑን ጉልበት፣ የሮቶውን መጠን፣ ዋጋውን ሁሉ በአንድ ወረቀት አስልቶ፣ ለቤቶቹ ቁጥር እኩል አካፍሎ መጣ። ስሌቱ እንከን አልነበረውም።

ግን ስብሰባው ተፋጠጠ። ምድር ቤት ያሉት «እኛ ውኃ ይደርሰናል፤ ስለምን እንከፍላለን?» አሉ። ተከራዮች «ቤቱ የእኛ አይደለም፤ አከራዮቹን ጠይቁ» አሉ። ጡረተኞቹ ዝም አሉ፤ የዝምታቸውን ምክንያት ሁላችንም አወቅን። በሁለተኛው ስብሰባ ነዋሪው ሰብሳቢ አድርጎ የመረጠው መሐንዲሱን አይደለም። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናትን መረጠ። እሳቸው ከየቤቱ ገብተው ወጡ። መጨረሻ ላይ ምድር ቤት ያሉት ግማሽ እንዲከፍሉ፣ አቅም የሌለው በየወሩ እያቃለለ እንዲከፍል፣ የተከራዮቹም ከኪራይ እንዲታሰብ ተስማማን። ግዢውንና ተከላውን መሐንዲሱ መራው። ውኃው አራተኛ ፎቅ ወጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ነበር። «ውኃው እንዴት ይወጣል?» የሚለው ባለሙያ አለው። «ማን ምን ያህል ይክፈል?» የሚለው ግን ባለሙያ የለውም። ቢሳሳት የሚጎዳው ሰው ራሱ ካልተናገረ መልሱ በየትኛውም ቀመር አይገኝም። የኛ መሐንዲስ የዋጋውን ድልድል ብቻውን ወስኖ ቢሆን ኖሮ ፓምፑ ዛሬም አልተገዛም ነበር። መሐንዲሱ ጎበዝ ስላልሆነ አይደለም፤ የጎረቤቱ ኪስ ለእሱ አይታየውም።

ፖለቲካ ማለት ደግሞ በአመዛኙ ይኸው ሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ ነው። ማን ይቅደም? ማን ይጠብቅ? ማን ይነሳ? ምን ያህል ካሣ ይበቃል?

ይህ ጥያቄ ብሎካችን የቆመበትን መሬትም ይነካል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከመሆኑ በፊት እርሻ ነበር፤ ገበሬ ነበረበት። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም የብዙ ባለሙያ አእምሮ ፈሶበታል፤ እኔም የፕሮግራሙ ተጠቃሚ ነኝና ማጣጣል አልችልም። ነገር ግን ፕላኑ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ከጠረጴዛው ዙሪያ ያልነበረው ሰው ገበሬው ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከመሬቱ በቋሚነት የሚነሳ ገበሬ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኝ የነበረው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሣ ይከፈለው አለ። አሥር ለምን? ስምንት ወይም ሃያ ለምን አልሆነም? ይህን የሚነግረን የኢኮኖሚክስ ሕግ የለም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቁጥሩ ወደ አሥራ አምስት ከፍ አለ። እንደኔ እምነት ቁጥሩ ያደገው የተሻለ ቀመር ተገኝቶ ሳይሆን፣ መሬቱን ያጣው ሰው ጩኸት በመጨረሻ ስለተሰማ ነው።

እንዴት እንደተሰማም እናስታውስ። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን የተዘጋጀው በባለሙያዎች ነው። መንገዱም፣ ኢንዱስትሪውም፣ ቤቱም በጥናት ነው የተባለው። በግንቦት 2007 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤቱን 547 መቀመጫዎች በሙሉ ያዙ። ከዚያ ግማሽ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በኅዳር 2008፣ በማስተር ፕላኑ የተነሳ ተቃውሞ በኦሮሚያ ተቀጣጠለ። ብዙ ሰው ሞተ። በጥር 2008 ፕላኑ ተሰረዘ። እስቲ እንጠይቅ፤ በዚያ ምክር ቤት ውስጥ የጎደለው ዲግሪ ነበር? ባለ ዲግሪውማ ሞልቶ ነበር። የጎደለው «ይህ ነገር እኛን ያፈናቅለናል» ብሎ እዚያው ምክር ቤት ውስጥ የሚቃወም ድምፅ ነው። ያ ድምፅ በር ሲዘጋበት አደባባይ ወጣ።

ነገሩ በዚያም አላበቃም። በየካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ኮዬ ፈጬ ያሉትን ጨምሮ የ51,229 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ በኦሮሚያ ከተሞች እንደገና ተቃውሞ ተነሳ። ዓመታት ቆጥቦ ዕጣ የደረሰው የአዲስ አበባ ሰው ተጨነቀ፤ መሬቱን የለቀቀው የገበሬ ልጅ ተቆጣ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ይህን የሚዳኝ ፈተና ብታወጡ፣ መቶ ከመቶ ያመጣው ሰው ከሁለቱ የማንኛቸው ዳኛ ይሆናል? ሁለቱም የሚቀበሉት ሰው ካልሆነ ውጤቱ ወረቀት ነው።

«ያኔ እኮ የተማሩት በሙሉ ሥልጣን አልያዙም፤ ካድሬ ነበር የሚመራው» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥሩ፤ እንግዲያው ወደ ኋላ ሄደን የተማሩት የያዙበትን ዘመን እንይ። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በፈረንሳይ ሕግ ያጠኑ፣ የኤርትራን ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፊት የተሟገቱ፣ ከመሳፍንት ሳይወለዱ በትምህርታቸውና በችሎታቸው እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት የደረሱ ሰው ነበሩ። በዙሪያቸውም በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ሚኒስትሮች ነበሩ። ጓደኞቼ የሚመኙት ዓይነት ካቢኔ ማለት ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። ካቢኔው አልደረሰም፤ ረሃቡ ተሸፋፈነ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው ጉዳዩን ያጋለጡት፤ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይም ዓለም አወቀ።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያ ጊዜ በአገሪቱ በጠቅላላው እህል ያን ያህል አልጠፋም፤ ወሎ ግን የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ መፍትሔው ከሰው አእምሮ በላይ አልነበረም። ታዲያ ያ ሁሉ ዕውቀት ለምን አልረዳም? ሚኒስትሮቹን ያስቀመጣቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ የሚያነሳቸውም እሱ ነው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የመምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ቢኖርም፣ ፓርቲ አልነበረም፣ ለመወዳደርም ንብረት ይጠየቅ ነበር። የወሎ ገበሬ አንድን ሚኒስትር ከወንበሩ የሚያነሳበት መንገድ አልነበረውም። ሰው ደግሞ የሚፈራው የሚያነሳውን ነው። ሚኒስትሩ ወደ ቤተ መንግሥት ሲያይ፣ ወሎ ከጀርባው ቀረ። በየካቲት 1966 ካቢኔው ወረደ፤ የወሎ ሰው ግን አስቀድሞ ሞቷል። «የተማረ ይግደለኝ» ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መመዘኛው እንምጣ። ለመሆኑ «ብልህ» የሚባለውን የሚለየው ማን ነው? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በሁለቱም ዓመታት ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንግዲህ በእነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች አንድ ብልህ ልጅ የለም ልንል ነው? ቤተ መጻሕፍት፣ ላቦራቶሪና በቂ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ነው ያለው። ሥልጣን በፈተና ይሁን ካልን፣ ሥልጣኑ ጥሩ ትምህርት ቤት ወዳለበት ይሄዳል። ጥሩ ትምህርት ቤት የት ይሠራ የሚለውን የሚወስነውም ያው ሥልጣን የያዘው ሰው ነው። ያለው ይጨመርለታል፤ የሌለው ደግሞ «ሰነፍ ስለሆንክ ነው» ይባላል። «ሜሪቶክራሲ» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1958 በመጽሐፉ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ማይክል ያንግ እንኳ ቃሉን የተጠቀመበት ለሙገሳ አልነበረም፤ ይህንኑ አደጋ እያሾፈ ለማስጠንቀቅ ነው።

በምርኮ መጥተው የዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገቡም። በብልሃታቸው ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ዛሬ ቢኖሩ በጓደኞቼ ፈተና ከመግቢያው በር ይመለሱ ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የፕሌቶ ነው። «መርከብ ላይ ተሳፍራችሁ መሪውን የሚይዘውን በድምፅ ብልጫ ትመርጣላችሁ?» ዓይነት ክርክር ነው። እውነት ነው፣ እኔም መንዳት የማይችል ሰው በሚነዳው ታክሲ አልሳፈርም። ነገር ግን ሾፌሩ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ቱሉ ዲምቱ የሚሄደውን ተሳፋሪ ሰበታ ወስዶ አያወርደውም። መንዳቱን ሾፌሩ ያውቃል፤ መድረሻውን የሚያውቀው ተሳፋሪው ነው። «ወራጅ አለ!» የማይባልበት ታክሲ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ካለ እጁን ያውጣ።

መራጭም ይሳሳታል። በዘር ይመርጣል፣ በወሬ ይመርጣል፣ ለአንድ ኪሎ ስኳርም ይመርጣል። አልክድም። ልዩነቱ ግን የሕዝብ ስህተት በሚቀጥለው ምርጫ ሊታረም መቻሉ ነው። «ብልህ ነኝ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ስህተት ግን ማረሚያ የለውም፤ ሲሳሳት «እናንተ አልገባችሁም» ይላልና። ደግሞም ብልህነት ታማኝነት አይደለም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ የኮምፒዩተር መረጃው ተነካክቶ ተገኘ ተብሎ በቀናት ውስጥ ሲሰረዝ፣ ተጠርጥረው ከተያዙት መካከል የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ነበሩበት። መዝገብ መነካካት የሚችለው መዝገቡን የሚያውቅ ነው። ስለዚህ ዕውቀት በጨመረ ቁጥር ተመልካችም መጨመር አለበት።

ታዲያ ችሎታና ይሁንታ አይታረቁም? ይታረቃሉ። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ኮዬ ፈጬ የሚለው ስም ራሱ ኦሮምኛ ነው፤ የኦሮሞ ሕዝብም እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የተመዘገበ የገዳ ሥርዓት አለው። በገዳ ሰው በየእርከኑ እየተማረና እየተፈተነ ያድጋል፤ ችሎታው በሕዝብ ፊት ይታያል። ሥልጣኑን የሚይዘው ግን በሕዝብ ተመርጦ ነው። ስምንት ዓመት ሲሞላ ያስረክባል፤ ካጠፋም ጉባኤው ሊያነሳው ይችላል። ሴቶችን ከሥልጣኑ ማራቁ ትልቅ ጉድለቱ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ዋናው ትምህርቱ ግን ይሄ ነው፦ ችሎታ ወደ ምርጫ ያደርሳል እንጂ ምርጫን አይተካም።

ሕገ መንግሥታችንም ቢሆን በወረቀት ላይ ከዚህ አይርቅም። አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ከዲግሪ ጋር አላያያዘም። አንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤት አባላት ውጭም ለሥራው ብቃት ያላቸውን ሰዎች ለሚኒስትርነት እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ የሚያጸድቀው ግን የተመረጠው ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። ዕውቀት በአንቀጽ 74 በር ይግባ፤ የአንቀጽ 12 በር ግን አይዘጋ። ያስቸገረን ሁለተኛውን በር ከፍተን አለማወቃችን ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሥራ ዘመን ስንት ጊዜ ብቻ የሚል ገደብ አለመኖሩም አንዱ ክፍተት ነው፤ ገዳ በስምንት ዓመት የፈታውን እኛ ገና አልፈታነውም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። የባለሙያ ወንበር በፈተናና በውድድር ይያዝ፤ ፈተናውም የፓርቲ አባል የሆነውንና ያልሆነውን ሳይለይ ከላይ እስከ ታች ይድረስ። የሥልጣን ወንበር በምርጫ ይያዝ፤ ተመራጩ ፊት ለፊት ይጠየቅ፣ ይከራከር፣ ካልሠራም ይነሳ። ዛሬ የተቸገርነው ሁለቱን ስላምታታን ነው። ፈተና በሚያስፈልግበት ቦታ ታማኝነትን፣ ይሁንታ በሚያስፈልግበት ቦታ «ጥናት»ን አስቀመጥን።

ለተማሪዎች ተወካይነት የግሬድ ገደብ ይውጣ ለሚሉት ጓደኞቼም አንድ ቃል አለኝ። ተወካይ ፈተና አይሠራልንም፤ ስለ እኛ ይናገራል። ኮርስ ተደራርቦበት የወደቀው፣ ማታ እየሠራ ቀን የሚማረው፣ ከገጠር መጥቶ በቋንቋ የተቸገረው ተማሪ ዲፓርትመንቱ ምን ማስተካከል እንዳለበት ከኤ ተማሪው አሳንሶ አያውቅም፤ እንዲያውም ይበልጥ ያውቃል። እነዚህን ከውድድሩ አስወጥተን «የተሻለ ተወካይ» አገኘን ብንል፣ ወሎን ከጀርባው የተወውን ካቢኔ በትንሹ እዚሁ ግቢ ውስጥ መድገም ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ለድምፅ ሲቀርብ እኔ እቃወመዋለሁ፤ እናንተም ከመወሰናችሁ በፊት እንድታስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንከራከር። የተማረ ያስተምረን፣ ያክመን፣ ይገንባልን። መግደል ግን ይቅርብን።

ቸር ይግጠመን!